የዛህራ ዱቄት

ነቀምቴ ውስጥ ከወፍጮ ቤቶቹ በስተጀርባ ባለው ሰፈር በአንድ ክረምት ሦስት ሴቶች አስወረዳቸው። ሦስቱም በአንድ መንገድ ወጥተው በአንድ መንገድ የሚገቡ ጎረቤታሞች ናቸው። ሰው መጀመሪያ ወባውን አማ፤ ያን ክረምት ወባ ያላንኳኳው ደጅ አልነበረምና። ቀጥሎ የጉድጓዱን ውሃ አማ። መስከረም ሲጠባ ግን ወሬው ሁሉ ተጠራቅሞ አንዲት የእህል ሱቅ ደጃፍ ላይ አረፈ። የዛህራ ዱቄት ነው ተባለ።

ዛህራ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ኪራሙ ሲሰፍሩ ገና ልጅ ነበረች። እዚያው አደገች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ኋላ አገሩ ሲታመስ የለበሰችውን ብቻ ይዛ ነቀምቴ ገባች። ሰው ቤት እህል እየለቀመች፣ እየነፋች፣ ቀስ በቀስ የራሷን ሱቅ ከፈተች። በቆሎ፣ ባቄላና የተፈጨ ዱቄት ትሸጣለች። ስፍሯ ሙሉ ነው፤ ጣሳው ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ መጨመር ልማዷ ነው። ሰፈሩ የወደዳትም በዚያችው እፍኝ ነበር።

ወሬው ድርቤ ጆሮ የደረሰው በወሰኔ በኩል ነው። ድርቤ የጤና ጽሕፈት ቤት የምግብ ተቆጣጣሪ ናት። ሥራዋ ጊዜው ያለፈበት ዘይት ማስወገድ፣ የዳቦ ቤት ንጽሕና ማየት፣ ሥጋ ቤት ገብቶ መቆጣት ነው። ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው እርግዝና በዚያው ሰሞን አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ወሰኔ ደግሞ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷና ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ናት። አንድ ጠዋት ደጇ ላይ ቆመች።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ድርቤ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ግቢ እንጂ ወሰኔ።»

ወሰኔ አልገባችም። ነጠላዋን አጣፍታ የድርቤን ሆድ አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች።

«ይህ ነገር ሥራሽ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ለነቀዝ ብለው የሚጨምሩት መድኃኒት ነው የጨረሰን ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሳይመረመር ምንም ማለት አይቻልም።»

«ምንም በይ አላልኩሽም። አንቺ ዱቄቱን ትበያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

ድርቤ ወጥ ቤቷ መደርደሪያ ላይ ያለውን የዛህራን ዱቄት አሰበች። ትናንት ማታ ባሏ ገለታ ማርቃ አገንፍቶ፣ ቅቤና በርበሬ አፍስሶበት፣ ሁለቱም እስኪጠግቡ በልተው ነበር። «ዛሬውኑ ሄጄ አያለሁ» አለች። ወሰኔ መልስ እንዳላገኘች ታውቃለች፤ ግን አልተከራከረችም።

ድርቤ ሱቁ ስትደርስ ዛህራ በቆሎ ስታበጥር አገኘቻት። ዛህራ ሰፌዱን አስቀምጣ በርጩማ አቀረበችላት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሀርሜ ዛህራ» አለቻት ድርቤ፤ ሀርሜ፣ እናቴ ማለቷ ነው።

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ቀሚስሽ እንዴት ወደፊት መጣ? ማሻ አላህ። ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ። ሰው እኔን ሲያይ መንገድ መሻገር ኸጀመረ ሰነበተ።»

ምንም አልደበቀችም። ጅምላ ሻጩ የሚሰጣትን የነቀዝ ክኒን አሳየቻት፤ በጨርቅ ቋጥራ በማዳበሪያዎቹ መሃል ታስቀምጠዋለች። አንዳንዱ በቆሎ ደግሞ ገና ከገበሬው ጎተራ ሲመጣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው። የምን ዱቄት እንደሆነ ዛህራ አታውቅም። እሷ ታራግፈዋለች፣ ታበጥረዋለች፣ ታስፈጨዋለች።

«እኛም የምንበላው ይህንኑ ነው» አለች ዛህራ። «ሌላ ኸየት ይመጣል?»

ድርቤ ከዱቄቱም ከበቆሎውም ናሙና ወስዳ በከረጢት አሸገች። አዲስ አበባ ላለ ላቦራቶሪ ይላካል። ስትነሳ ከሱቁ ውጭ የቆሙ ሰዎች እያዩዋት እንደሆነ አስተዋለች። ዛህራም አይታቸዋለች።

«ተቆጣጣሪ መጥታ ወሰደችባት ይላሉ» አለች ዛህራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ውጤቱ እስኪመጣ እኔ አልቄያለሁ።»

ድርቤ ምን እንደያዛት አታውቅም። ሰዎቹ እንዲያዩአት ወደ በሩ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ፣ «እንግዲያው የቤቴን ይስፈሩልኝ» አለች። ዛህራ ሰፈረች፤ እፍኟንም ጨመረች። ድርቤ ዱቄቱን አቅፋ በሰው መሃል አለፈች።

ቤቷ ስትገባ ግን እጇ ተሳሰረ። ልታቦካ ውሃ አፍስሳ ቆመች፣ ውሃውን መልሳ ደፋችው። ገለታ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲመለስ ዱቄቱ ዕቃው ውስጥ፣ ሚስቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው አገኛቸው።

«መጥፎ ነው እንዴ?» አላት።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ገዛሽ?»

«መጥፎ እንደሆነ ስለማላውቅ።»

«ለምን አትበይውም?»

«ደህና እንደሆነም ስለማላውቅ» አለችና፣ የተናገረችው ነገር ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ገለታ ተረበኛ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርቤ መብል ፊት በተቀመጠች ቁጥር ሐሳብ ይገጥማት ጀመር። ዱቄቱን ለዶሮዎቹ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ደግሞ እንቁላላቸውን ፈራች። ከሌላ ሱቅ ዱቄት ገዛች፤ በነጋታው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ የዛህራ ጅምላ ሻጭ መኪናውን አቁሞ ተመሳሳይ ማዳበሪያ ሲያወርድ አየችው። ቲማቲም አነሳች፣ ገበሬው የሚረጨውን አስታውሳ መልሳ አስቀመጠች። ጎመን በጨው አጠበች፣ በሆምጣጤ አጠበች፣ ጣዕሙ ሲጠፋ ተወችው። በመጨረሻ ዲጋ ያለችው እናቷ ጓሮ ውስጥ የምትተክለውን አንጮቴ የሚባል ሥር እንድትልክላት ለመነቻት። አንጮቴ ደግሞ ሁልጊዜ አይበላም። ሆዷ እየገፋ ጉንጯ እየጎደለ ሄደ።

ዛህራ ሱቅ መሄዷን ግን አላቋረጠችም። ብትቀር የሰፈሩ ፍርድ ያን ቀን ይጸድቃል። ስለዚህ በሰው ፊት ትገዛለች፣ ቤት ገብታ ታስቀምጣለች። የታማችን ሴት ማዳን ነው ብላ ለራሷ ነገረች። መንገዱ ላይ ሰላም የሚሏት ሴቶች ዓይን ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ ግን ልቧ ደስ አይለውም ነበር።

ሦስቱንም ሴቶች አነጋገረቻቸው። የተማረችው ሥራ ጠይቂ ይላልና ጠየቀች። አንደኛዋ ከዛህራ የምትገዛው ባቄላ ብቻ ነበር፤ በቆሎ ከጉቴ ከዘመዶቿ ይመጣላታል። ሁለተኛዋ በዱቄቱ ብቻ የምትኖር ናት፤ ግን በዚያ ክረምት ወባ ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ወሰኔ ወባ አልያዛትም፣ ዱቄቱን በልታለች፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ዛህራ ነቀምቴን ሳታውቀው፣ አንድ ጊዜ አስወርዷታል። ድርቤ አንዱን ክር ስትስብ ሌላው ይተበተባል። ደግሞ በዚያው መንገድ ዱቄቱን እየበሉ ደህና የወለዱ ሴቶች አሉ። ስለ እነሱ ማንም አያወራም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰኔ አጥሩን በእጇ ገፋ አድርጋ ጠራቻት። ፊቷ ፈክቷል።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ይዣለሁ።»

ድርቤ እጇን ያዘቻት። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ነሽ? ትበያለሽ?»

«ኤዬ፣ እበላለሁ። መጀመሪያ የዛህራን ነገር ፈርቼ ትቼው ነበር። ኋላ አንቺን አየሁ። በዚህ ሆድሽ ከእሷ ስትገዪ ሳይ፣ ይቺ እያወቀች ልጇን አትመርዝም አልኩ። ጠዋት ማርቃ፣ ማታ ቂጣ ነው አሁን።»

ድርቤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ምን ትበል? እኔ አልበላውም ብትል ወሰኔ በድንጋጤ ትወድቃለች፤ ያው ሰዓት ዛህራም ታበቃላታለች። ብይ ብትላት ደግሞ እሷ የማትቀምሰውን ነው የምታበላት። «በደንብ ንፊው፣ በደንብ አብስዪው» አለችና ገባች። ያ ምክር ምን ያህል እንደሚረዳ እሷም አታውቅም ነበር።

ውጤቱ የመጣው ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ነው። በዱቄቱ ውስጥ የሁለት ዓይነት የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቷል። ሁለቱም ከሚፈቀደው ጣሪያ በታች ናቸው። ኃላፊዋ አቶ በርናባስ አንብበው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተገላገልን። ከጣሪያ በታች ነው፣ ችግር የለም ብለሽ ጻፊና ለሰፈሩ አሳውቂ። ሴትዮዋም እንጀራዋን ትብላ።»

«ችግር የለም ነው ወይስ ከጣሪያ በታች ነው የምለው?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ድርቤ ልዩነቱን ማስረዳት አልቻለችም። ለዚህም ነው ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራው ለአላዛር የደወለችው። አላዛር የተማረውን የማይደብቅ፣ ያልተማረውንም የማይጨምር ሰው ነው። በትዕግሥት ነገራት። ጣሪያው የሚሰላው ለእያንዳንዱ ኬሚካል ለብቻው ነው። ሁለቱ ተደምረው ምን እንደሚያደርጉ በደንብ የተጠና ነገር የለም። ሰው በቀን ይህን ያህል ይበላል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ጠዋትም ማታም በቆሎ የሚበላ ቤት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለፅንስ ተብሎ የተጨመረ ጥንቃቄ አለ፣ በቂ ነው ወይ ግን ሊቃውንቱም ይከራከሩበታል። ክኒኑ ደግሞ ጋዝ ሆኖ ስለሚተን፣ ናሙናው እዚህ እስኪደርስ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል።

«ሦስት ሴቶች ናቸው፣ አላዛር፤ በአንድ መንገድ።»

«ገባኝ። ግን ፅንስ መውረድ እኮ ብዙ ነው፤ ሰው ስለማያወራው ነው ብርቅ የሚመስለው። ምንም ባይኖርም ሦስቱ በአጋጣሚ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ምክንያት ኖሮትም ሊሆን ይችላል። እኔ ያለኝ የአንድ ሰሞን ዱቄት ነው። ክረምት ላይ የበሉት አልቋል፤ ማንም ሊመረምረው አይችልም።»

«እሺ፣ አንዲት ሴት ልብላ ወይ ብትለኝ ምን ልበላት?»

አላዛር በሩን ሲዘጋ በስልኩ ተሰማት።

«ሌላ የምትበላው ካላት ሌላውን ትብላ ባይ ነኝ» አለ። «ከሌላት መራብ ይብሳል። ይህ ሳይንስ አይደለም። እንደ ሰው ነው የምነግርሽ።»

ድርቤ ስልኩን ዘግታ ብዙ ተቀመጠች። መርዝ ነው የሚላት ቢኖር ታውጅ ነበር። ንጹሕ ነው የሚላትም ቢኖር ወደ ቤቷ ሄዳ ታገነፋ ነበር። በሁለቱ መሃል ግን መቆሚያ የለም፤ ሆኖም የቆመችው እዚያው ነው። የያዘችው ልጅ በውስጧ ተገላበጠ። ተነስታ በቀጥታ ወሰኔ ቤት ሄደች።

ወሰኔ ጎመን እየከተፈች ነበር። ድርቤ ሳትቀመጥ ውጤቱን ነገረቻት፤ አላዛር ያለውን ሁሉ ሳታስቀር ነገረቻት። ከዚያ የቀረውን ተናገረች።

«ደግሞ እኔ አልበላውም፣ ወሰኔ። እገዛዋለሁ እንጂ አልበላውም። ናሙና ከወሰድኩ ጀምሮ አልቀመስኩትም።»

ቢላዋው ቆመ።

«እኔ አንቺን አይቼ ነው የበላሁት።»

«አውቃለሁ። አጥሩ ጋ ስትነግሪኝ ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ መርዝ መሆኑን ታውቂ ነበር።»

«አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።»

«የማታውቂ ከሆነ ለምን ፈራሽ?»

«ስለማላውቅ ነው የፈራሁት።»

ወሰኔ አልጮኸችም። ጎመኑን ወደ ድስቱ ገፋች፣ እጇን ጠረገች፣ በሩን ከፈተችላት። «ሂጂ ማሎ፣ እባክሽ ድርቤ። አሁን ሂጂ» አለች። ድርቤ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አጥሩ ጋ ድምፅ አልተሰማም።

ዛህራም ዘንድ ሄዳ ያንኑ ነገረቻት። ዛህራ የአላዛርን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «እኔ በዚህ እህል አምስት ወልጃለሁ» አለች።

«አንድም አልሞተብዎትም?»

ዛህራ ወደ ማዳበሪያዎቹ ዞረች። «ሁለት ከሆዴ ያለ ጊዜያቸው ወጥተዋል፤ ሳይቆጠሩ። ያኔ ክኒንም አናውቅ፣ ያን ነጭ ዱቄትም አናውቅ። ግን ደግሞ ወባ የሚከላከሉ ሰዎች መጥተው የቤቱን ግድግዳ በመድኃኒት ይረጩት ነበር፤ እህሉም ውስጥ ሆኖ፣ እኛም ውስጥ ሆነን። እንዴት አድርጌ ልወቀው ልጄ?»

ከዚያ ዛህራ ራሷ መላ አመጣች። ለእርጉዞች የሚሆን በቆሎ ገና ከማሳ እንደወጣ ትገዛለች፤ ክኒን አታስጠጋበትም፤ አጥባ ፀሐይ ታሰጣዋለች፣ ለብቻው ታስፈጨዋለች። ነቀዝ ከበላው ይብላው። ድርቤ ለኃላፊዋ «ከሚፈቀደው በታች ነው፤ ለእርጉዝ ሴት ችግር የለውም ለማለት ግን አይቻልም» ብላ ጻፈች። አቶ በርናባስ ሁለተኛውን ሐረግ ሰርዘው ለጠፉት። ድርቤ ላገኘቻቸው ሴቶች ሁሉ የተሰረዘውን በአፏ ጨመረች፤ ሴቶቹም ይበልጥ ግራ ተጋብተው ሄዱ።

ወሰኔ ያንን ለብቻ የተፈጨውን አልገዛችም። «እሷም ካላወቀች እኔ ምን አደከመኝ» ብላ የፊተኛውን ዱቄት መብላት እንደቀጠለች ድርቤ ከሰው ሰማች። ልትለምናት ሁለት ጊዜ እስከ በሯ ሄዳ ተመለሰች። በምን አፏ?

የድርቤ ምጥ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ሆስፒታል ውስጥ የተወለደችው ሴት ልጅ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም ነበር። ሳጥን መሰል ማሞቂያ ውስጥ አስተኟት። ገለታ መስተዋቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ይጸልያል። ድርቤ ሐኪሙን ለምን ብላ ጠየቀችው።

«ምክንያቱ ብዙ ነው» አለ ሐኪሙ። «አንዳንዴም አይታወቅም። እርግዝናው ላይ በደንብ ትበዪ ነበር?»

ያ ጥያቄ ልቧ ላይ ተተከለ። የሸሸችው ነገር ጎድቷት ይሆን፣ ወይስ መሸሿ? ከመሸሿ በፊት የበላችውስ? አሰላሰለች፣ አሰላሰለች፤ አንድም ቦታ አላደረሳትም። ልጅቷ ግን በረታች። ጡት መሳብ ቻለች፣ ክብደት ጨመረች፣ ወደ ቤት ገባች። ስሟን አሜን አሏት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወሰኔ ቀኗን ጠብቃ ድምፁ እስከ አስፋልት የሚሰማ ወፍራም ወንድ ልጅ ወለደች። ድርቤ አሜንን አዝላ ልትጠይቃት ሄደች። ወሰኔ ትክ ብላ አየቻት፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ልጆቹን ጎን ለጎን አስተኟቸው። ስለ ዱቄት አላነሱም።

ሰፈሩ ግን አነሳ። የበላችው እንዲህ ያለ ልጅ ወለደች፣ የሸሸችው ደግሞ ጫጩት ወለደች ተባለ። ዱቄቱ ምንም የለውም፤ እንዲያውም ያጠነክራል ተባለ። የዛህራ ደጅ እንደገና ሞላ። ወሬው የተገለበጠበት ፍጥነት ድርቤን አስደነገጣት፤ ያኔ በሦስት ሴቶች እንደፈረዱ ሁሉ አሁን በሁለት ልጆች ነጻ አወጡ። ልጇን አዝላ ወደ ሱቁ ወረደች።

«ሀርሜ፣ ይህ የሚሉት እውነት አይደለም» አለች። «የወሰኔ ልጅ ደህና መወለዱ ዱቄቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለእርጉዞቹ ለብቻ ማስፈጨቱን እንዳይተዉት።»

ዛህራ መስፈሪያውን አስቀመጠች። «ሲፈርዱብኝ አልፈረድሽም፤ ሲፈርዱልኝ ትከለክያለሽ?»

«ያኔም አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ያኔ ግን ወሰኔን ማወቅ ያለባትን አላሳወቅኋትም።»

«ይኸው አላውቅም የምትዪው ነገር፣ ልጄ፣ ስንት ሰው ያበላል?» ዛህራ አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነው የጠየቀችው። «ክኒን ያልነካውን በቆሎ ነቀዝ ግማሹን ጨረሰው። ማን ይገዛኛል?»

«እኔ እገዛዎታለሁ።»

«ገዝተሽ ልታስቀምጪው?»

ድርቤ ፊቷ ጋለ። «ልበላው» አለች።

ዛህራ አመነታች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ትንሿን ማዳበሪያ ጎትታ አወጣች። በቆሎው በየፍሬው ተበስቷል። ሰፌዱ ላይ አፍስሳ ነቀዙን ማበጠር ጀመረች፤ ድርቤም ተቀምጣ ክፉውን ከደጉ ለቀመች። አሜን ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«ይሄ ይሻላል ብለሽ እርግጠኛ ነሽ?» አለች ዛህራ ቀና ሳትል።

«አይደለሁም።»

ዛህራ ራሷን ነቀነቀችና ሌላ እፍኝ ሰፌዱ ላይ ጨመረች።